አራተኛው ማዕዘን

በመቱ ሱቆች በር ላይ፣ ዳር ዳሩን ሦስት ክር እየተጠላለፈ የሚዞረው የጠረጴዛ ልብስ ተሰቅሎ አይታችሁ ከሆነ፣ ሐረጉ የአባቴ ነው። ከአራቱ ማዕዘኖች በአንደኛው ላይ የተሰፋው ትንሽ መስቀል ግን የአባቴ አይደለም። እሱ የወንድሜ ሚስት ሥራ ነው። ሰዉ ሁሉ ለጌጥ ያደረገችው ይመስለዋል። መስቀሉ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ እስከ ሥሩ የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን፤ እኛም ስለሱ ለብቻችን ተነጋግረን አናውቅም።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ ብዙ ዓመት ቂሜን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ተመላልሻለሁ። ጸሎቴ አልተሰማም ብዬ አላማርርም፤ ስጸልይ የነበረው እሷ እንድትዋረድልኝ ነበርና። ስለዚህ ይህ የምጽፈው ንስሐ አይደለም። ንስሐ ማንበብ የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይፈልግ።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበር፤ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ዳዊትና ድርሳን በእጁ የሚጽፍ ሰው። በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ተነሥቶ ኢሉባቦር፣ ኖፓ አጠገብ ሲሰፍር የመቃ ብዕሮቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ብራና ግን ደረቅ አገር ይወዳል። እዚህ ቆዳው ሳይደርቅ ይሸታል፣ የደረቀውም ይሻግታል። አባቴ ዝናቡ የሚያርፍበትን ጊዜ ቢጠብቅ ቢጠብቅ አጣው። በመጨረሻ ብራናውን ትቶ እንደ ሰዉ ሁሉ በቆሎና ቡና ያዘ። ያልተወው ሐረጉን ነበር።

ሐረግ የሚባለው በብራና መጽሐፍ ውስጥ በየምዕራፉ ራስ፣ ከጽሕፈቱ በላይ የሚሳለው ጌጥ ነው። ክር የመሰሉ መስመሮች አንዱ በሌላው ላይ እየወጣ፣ አንዱ ከሌላው ሥር እየገባ ገጹን ከበው ይሄዳሉ። ለማያውቀው ዝም ብሎ የተጠማዘዘ ይመስላል። ሕግ አለው። አንዴ በላይ ያለፈ መስመር ቀጥሎ በታች ማለፍ አለበት፤ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ በላይ ካለፈ ሐረጉ ተበላሽቷል። የተጀመረ መስመር ደግሞ የትም ዞሮ ዞሮ ራሱን ማግኘት አለበት። አባቴ የጨረሰውን ሐረግ ይሰጠኝና አንዱን መስመር በጣቴ ተከትዬ እንድሄድ ያዝዘኝ ነበር። ጣቴ ዞሮ የተነሣበት ቦታ ሲደርስ «ገባ» ይላል፣ የጠፋች ላሙ በረት እንደገባችለት ሰው። ከዚያ ዝም ብሎ ደስ ይለዋል።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ትምህርቱ በኦሮምኛ በሆነ ማግሥት ነው። ክፍል ውስጥ በቁቤ ስጽፍ ውዬ ከትምህርት መልስ አባቴ ዘንድ እቀመጣለሁ። ወረቀት አልነበረንም። ትምህርት ቤቱ ሲታደስ የተጣለውን የሲሚንቶ ከረጢት አራግፈን፣ ቀድደን፣ በከሰል እንስልበት ነበር። መጀመሪያ ያስተማረኝ ቀጥታውን ነው። ሹሩባ መሥራት የምታውቅ ልጅ ቀጥታው አይከብዳትም። ማዕዘኑን ግን ለረጅም ጊዜ ከለከለኝ።

«ቀጥታውን ማንም ይሄደዋል» ይል ነበር። «ሰው የሚታወቀው ሲዞር ነው።»

ማዕዘኑን ያሳየኝ ልጅነቴ ሊያልቅ ሲል ነው። ሦስት መስመር ጎን ለጎን እየተጠላለፈ መጥቶ ሲታጠፍ፣ የውጪው ሰፊ መንገድ ይሄዳል፣ የውስጡ ጠባብ መንገድ ይሄዳል፣ መካከለኛው ሁለቱን ማስታረቅ አለበት። እዚያ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። በአባቴ ማዕዘን ግን ሦስቱም ዞረው፣ ተጠላልፈው፣ እያንዳንዱ ወደየቦታው ይመለሳል። የውጪው ውጪ፣ የውስጡ ውስጥ። አራት ማዕዘን ቢዞሩም ሲገናኙ አይተዛዘቡም። እጄን በእጁ ይዞ እየጎተተ ነው ያስተማረኝ፤ በቃል አላስረዳኝም፣ ዛሬም በቃል ላስረዳ ብል አልችልም።

ኋላ ከፍ ስል ትምህርቴን እንድቀጥል መቱ ወንድሜ ቤት ተላክሁ። ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ቤቱን የያዘችው ሚስቱ ናት። ትበልጠኛለችና እትዬ እላት ነበር። ገበያ ላይ ነጠላ ትሸጣለች፣ ሳቂታ ናት፣ ምላሷ ቅቤ ነው። ጥቂት ቆይቶ አባቴም እግሩ ሲደክም ወደዚያው መጣና አራታችን አንድ ጣራ ሥር ሆንን።

አንድ የፋሲካ ሰሞን ለሷ ነጠላ ጥለት የአባቴን ሐረግ በሦስት ቀለም ክር ጠለፍኩላት፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ሐረጉን ከወረቀት ወደ ጨርቅ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ይህን ልብ በሉልኝ። ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ሴቶቹ ጥለቱን እየያዙ አላስቀድስ አሏት። በሳምንቱ ከጎኔ ተቀምጣ እጄን እያየች መጥለፍ ጀመረች። እጇ ፈጣን ነበር፤ ጠላቴ ናት ብዬ የሌለባትን ጉድለት አልለጥፍባትም። ላይ፣ ታች፣ ላይ፣ ታች፣ እንዲያ እያለች ያዘችው።

አባቴ ከአልጋው ሆኖ ያየን ነበር። አንድ ቀን «ማዕዘኑንስ አላሳይሽም?» አላት።

ሳቀች። «አባባ ደግሞ! ነጠላ ምን ማዕዘን አለው?»

እውነቷን ነው። የነጠላ ጥለት ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ሄዶ ያልቃል። የቀሚስም ጥልፍ ከደረት ወደ ታች ነው። የምትሸጠው ሁሉ ቀጥታ ነበር። አባቴ ሁለተኛ አልጠየቃትም።

እኔ ያዮ ላለ የደን ቡና ነጋዴ ተዳርኩ። አባቴ እዚያው መቱ ቀረ። እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እሷ ናት። እግሩን አጥባለች፣ አጉርሳዋለች፣ ሌሊት ሲጠራት ተነሥታለች። ይህን አልክድም። ግን ያስታመመ ሁሉ አይወርስም፤ የወረሰም ቢሆን «ያወረሰኝ እከሌ ነው» ይላል።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ክር ልገዛ መቱ ወርጄ እሷ ሱቅ ተቀምጬ ነበር። ያኔ ሱቅ ከፍታለች። የሶርን ፏፏቴ ለማየት የመጣች አንዲት ፈረንጅ ከአስጎብኚዋ ጋር ገባች። ዝናብ አብስብሷት ነበርና እጅጌዋን ሰብስባ ስትጨምቅ ክንዷ ላይ ያለውን ንቅሳት አየሁ። ሐረግ ነው። የኛው ሐረግ! ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። አስጎብኚው ከአየርላንድ ናት አለን። በሷ አገር ጥንት መነኮሳት በብራና ወንጌል ሲጽፉ እንዲህ ያለ መስመር ይስሉ ነበር፣ በድንጋይ መስቀልም ላይ ይቀርጹት ነበር ብላ ነገረችን። ካሉት መጻሕፍት ብዙዎቹን ማን እንደሳላቸው አይታወቅም አለች፤ ስማቸውን አልተዉም።

ጣቴን ክንዷ ላይ ላድርግ ብዬ በእጄ ጠየቅኋት፣ ሳቀችና ዘረጋችልኝ። ተከተልኩት። ላይ፣ ታች፣ ላይ፣ ታች። በክርኗ በኩል ዞሮ መጥቶ የተነሣበት ቦታ ገጠመ። «ገባ» አልኩ ድምፄን አውጥቼ። ባሕር ማዶ ያለ መነኩሴና ኖፓ ጭቃ ላይ የተቀመጠ አባቴ ሳይተዋወቁ አንድ ሕግ ያከብሩ እንደነበር ሳይ ዕንባዬ መጣ። አባቴ ይህን ሳያይ መሞቱ አንገበገበኝ።

ፈረንጇ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ነጠላ አየችና እሷም ደነገጠች። ክንዷን ከጥልፉ ጋር አስተያየች። ይኼን ማን ነው ያወጣው ብላ አስጠየቀች።

የወንድሜ ሚስት «እኔ ነኝ» አለች። «ከራሴ ጭንቅላት ያወጣሁት ነው።»

ቆሜያለሁ። አጠገቧ ቆሜያለሁ። ዓይኗን እንኳ ሰበር አላደረገችም። ፈረንጇ እጇን ጨበጠቻት፣ ከነጠላው ጋር ፎቶ አነሣቻት፣ ሁለት ገዝታ ወጣች። አባቴም ስማቸው ከማይታወቅ ሰዎች ጋር ሄደ።

«እትዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?» አልኳት።

«ምን ልበላት ታዲያ? የሞተ ሰው ነው የሠራው ልበላት? ተይ እስቲ፣ ሥራ አለብኝ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሷ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ረስታዋለች። እኔ ያዮ እስክደርስ ድረስ መኪናው ውስጥ ክሩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ምን እንደማደርጋት አስብ ነበር። ሱቋ ቢቃጠል ተመኘሁ። ከዚያ ደግሞ የአባቴ ሐረግ አብሮ ይቃጠላል ብዬ ምኞቴን መለስኩት። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሰው ፊት «ሐረጉ የአባቷ ነው» እንድትል። ያን ካላለች ደግሞ በሰው ፊት እንድትዋረድ።

እግዜር ይሁን ሰይጣን አላውቅም፣ መንገዱን አንዱ ከፈተልኝ። የማኅበር ሴቶች ለቤተ ክርስቲያኑ ቅድስት፣ ለመካከለኛው ክፍል፣ አዲስ መጋረጃ ሊያሠሩ ተነሡ። ነጭ ወፍራም ጨርቅ ሆኖ፣ አራቱንም ጎን የመቱ ሐረግ ይዙረው አሉ። ያኔ ስሙ የመቱ ሐረግ ሆኗል፤ የአባቴ የሚል የለም። የወንድሜ ሚስት ማኅበሩ መካከል ቆማ «እኔ እጠልፈዋለሁ፣ ለበረከት» አለች። እልልታ ቀለጠ። ቤቷ ገብታ ጨርቁን ስትዘረጋው ነው መጋረጃ አራት ማዕዘን እንዳለው ልብ ያለችው።

በክረምት ያዮ መጣች። መንገዱ እንደዚያ ሆኖ፣ ጭነት መኪና ላይ ተጭና፣ ከመውረጃው ጀምራ በእግሯ ጭቃ ስታቦካ፣ እስከ ጉልበቷ ተለውሳ በሬ ላይ ቆመች። በእጇ አንድ ጣሳ ማር ይዛለች። ለያዮ ሰው ማር! ጓሮዬ ካለው ዛፍ ላይ ቀፎ ተሰቅሎ እያየችው፣ የመቱ ገበያ ማር አስጨበጠችኝ። ጨንቋት እንደነበር የገባኝ በዚህ ነው። እግሯን የምትታጠብበት ውኃ አቀረብኩላት፣ በቆሎ ጠብሼ ሰጠኋት። የመጣ እንግዳ ነውና።

ከረጢቷ ውስጥ የሞካከረቻቸውን ቁርጥራጭ ጨርቆች አውጥታ ዘረገፈችልኝ። ማዕዘን ላይ ሲደርስ አንዱ ይታሠራል፣ አንዱ ይላላል፣ አንዱ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ በላይ ያልፋል። ሳየው ደስታዬን ለመደበቅ ወደ ምድጃው ዞርኩ።

«ማል ጎና?» አለችኝ። ሲጨንቃት ኦሮምኛ ይቀላታል። «ምን ላድርግ እህቴ? ሰው ሁሉ እየጠበቀኝ ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«አሳይሻለሁ» አልኩ። «አንድ ነገር ብቻ። መጋረጃው ሲሰቀል ለማኅበሩ ‹ሐረጉ የአማቴ ነው፣ ማዕዘኑንም ያሳየችኝ ልጁ ናት› በያቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ፈገግ አለች። ያንን ፈገግታዋን ገበያ ላይ አውቀዋለሁ፤ ዋጋ ላለመቀነስ የምትጠቀምበት ነው። «ስንት ዓመት ስሠራው ኖሬ አሁን እንዲህ ብል ምን ይሉኛል? ሌባ ሊሉኝ ነው እኮ። እሳቸውም ቢሆኑ እንዲህ ያለ ነገር አይወዱም ነበር። ተይው ይቅር በናትሽ።»

ደግሜ አልጠየቅኋትም። አባቴም ማዕዘኑን አሳይሽ ብሎ ሁለተኛ አልጠየቃትም ነበር።

«ቶሌ» አልኳት። እሺ ማለቴ ነው።

ከዚያ መርፌዬን አነሣሁና ቁራጭ ጨርቅ ላይ አንድ ማዕዘን ጠለፍኩላት። ውብ አድርጌ ነው የጠለፍኩት። በላይ ካለፈ በታች ያልፋል፣ ምንም የሚነቀፍ የለውም። አንድ ነገር ብቻ ቀየርኩ፤ ሦስቱ ክሮች ዞረው ሲወጡ ወደየቦታቸው ከመመለስ ይልቅ እያንዳንዱ አንድ ቦታ እንዲለቅ አደረግሁ። የውጪው ወደ መካከል፣ የመካከሉ ወደ ውስጥ፣ የውስጡ ወደ ውጪ። አንድ ማዕዘን ላይ ይህን ማንም አያየውም፤ ክሮቹ እንደሆነ ሲጠላለፉ ነው የሚውሉት። አራቱን ዞሮ የተነሣበት ቦታ ሲደርስ ግን ቀዩ ቀዩን አያገኝም። ቀዩ ቢጫውን፣ ቢጫው ሰማያዊውን፣ ሰማያዊው ቀዩን ነው የሚያገኘው። እዚያ ስትደርስ ደግሞ ሦስቱን ማዕዘንና አራቱን ጎን ካልፈታች በቀር ማረሚያ የለውም።

«አባትሽ እንዲህ ነበር የሚያዞሩት?» አለችኝ።

«እንዲህ ነው የሚያዞረው» አልኳት። «አንዱን ካወቅሽ አራቱን አወቅሽ ማለት ነው።»

ቁራጩን አጣጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው። ግንባሬን ስማኝ ሄደች። የረገጠውን ሁሉ በሚያዳልጠው በዚያ ቁልቁለት ላይ እየተንሸራተተች ስትወርድ በሬ ላይ ቆሜ አየኋት። አልቆጨኝም። ማሯን ለውሻ ሰጠሁት ብል ውሸት ነው፣ በላሁት።

መጋረጃው ለሚሰቀልበት ንግሥ አዲስ ቀሚስ አሰፋሁ። ለበዓሉ ሳይሆን ለሷ ውርደት ነበር የለበስኩት። መቱ ደርሼ ሕዝቡን ገፍቼ ገፍቼ ቅድስቱ ፊት ለፊት ቆምኩ። መጋረጃው ተሰቅሏል። ያምር ነበር፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አባቴን በሕይወቱ እንዲህ አግዝፎ ያየው የለም። ዓይኔን ከላይ አስጀምሬ ቀዩን ተከትዬ ወረድኩ። አንዱ ማዕዘን። ሁለተኛው። ሦስተኛው። በስተግራ ታች፣ ሰው ሲሰግድ ከዓይኑ ፊት በሚሆነው በአራተኛው ማዕዘን ላይ፣ ቀዩ ቢጫውን ሊያገኝ በሚገባው ቦታ፣ በወርቅ ክር የተሠራ መስቀል ቁጭ ብሏል። ለብቻው ተሠርቶ ከላይ የተሰፋ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው መስቀል።

ቄሱ ከስብከቱ በኋላ የመጋረጃውን ነገር አነሡ። ሐረጉ የዚህ ዓለም ድካም ነው፣ ይዞራል ይዞራል፣ በመጨረሻ መስቀሉ ላይ ያርፋል አሉ። ሴቶቹ አለቀሱ። የወንድሜ ሚስት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ በሕዝቡ መካከል አየችኝ። ከዚያ መልሳ ደፋች። እኔ በዚያ ሁሉ እልልታ መካከል ጥርሴን ነክሼ ቆሜ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። መስቀሉ ፋሽን ሆነ። ካባ የምታሠራ ሙሽራ መስቀል ያለበት ማዕዘን ካልሆነ አትልም። የወንድሜ ሚስት ከጎሬና ከበደሌ ሳይቀር ትእዛዝ ይመጣላት ጀመር። ለሙስሊም ደንበኞቿ በመስቀሉ ፈንታ አበባ ታደርጋለች። ሁሉም ሥር ግን ያው የኔ ጠማማ ማዕዘን አለ፤ እሷ ሌላ አታውቅም፣ እኔም ሌላ አላሳየኋትም። ያዮ ሆኜ ትክክለኛውን ጠልፌ የሰጠኋቸው ሰዎች «መስቀሉን ረሳሽው» ብለው መለሱልኝ። የአባቴን ማዕዘን! ጎደለ ብለው መለሱልኝ። እስኪያመኝ ድረስ ሳቅሁ።

ታዲያ ተስፋ አልቆረጥኩም። የኢሉባቦር ዝናብ የአባቴን ብራና እንዳልማረ የሷንም ክር አይምርም ብዬ ጠበቅሁ። በየዓመቱ ንግሡ ሲደርስ መቱ ወርጄ በአራተኛው ማዕዘን ፊት እሰግዳለሁ። ሰው እንደኔ ያለ አማኝ የለም ይላል። እኔ የማየው ስፌቱን ነው። አንድ ዓመት የመስቀሉ የቀኝ ክንድ ጠቁሮ አገኘሁት። በሌላው ዓመት ጫፉ ተነሥቷል። በትንፋሼ ሳይቀር እፍ ብዬበት አውቃለሁ።

በመጨረሻ መስቀሉ በአንድ ክንዱ ብቻ ሲንጠለጠል መጋረጃው ወረደ። የማኅበሩ ሴቶች ሊያጥቡትና ሊጠግኑት የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። የወንድሜ ሚስት ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ከመጥለፍ አርፋ ነበርና «ያዮ ያለችው እጇ ጥሩ ነው» ተብሎ እኔ ተጠራሁ። የማኅበሩ እናት የሆኑት እማሆይ ራሳቸው ነበሩ ሰው የላኩብኝ። ስሮጥ ሄድኩ።

አዳራሹ ብርሃን ነበረው። ሴቶቹ ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል። እሷም በመስኮቱ በኩል ዱላዋን ተደግፋ ተቀምጣለች። እየከሳች መጥታለች። ድምፄን ስትሰማ ፊቷን ወደኔ መለሰች፣ ዓይኖቿ ግን ትከሻዬን አልፈው ነው የሚያዩት። አላሳዘነችኝም። ልታሳዝነኝ ስትል ፈረንጇን አስታወስኩ።

ምላጭ ይዤ ነበር። መስቀሉን የያዘውን የመጨረሻ ክር ቆረጥኩና አነሣሁት። ሥሩ ያለው ጨርቅ ፀሐይ ስላላገኘው ቀለሙ እንደ አዲስ ነው። ቀዩ መጥቶ ቢጫው ላይ ቆሟል። ቢጫው ሰማያዊው ላይ። ሰማያዊው ቀዩ ላይ።

«እማሆይ፣ ይዩት» አልኩ። «ኑ እዩት ሁላችሁም። መስቀሉ ይኼን ሊሸፍን የተሰፋ ነው። አልገጠመም። ይኼ ሐረግ ከራሷ ጭንቅላት የወጣ ነው ብላ ነበር። ታዲያ ከራሷ ጭንቅላት የወጣ እንዴት አልገጠመላትም?»

ሴቶቹ ተነሥተው አጎንብሰው አዩ። አንዷ «ዱጋ ነው?» አለች፣ እውነት ነው ወይ ማለቷ ነው። ሌላዋ በጣቷ ነካችው። ሁሉም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ይቺን ቅጽበት ስንት ዓመት እንደጠበቅኋት የማውቀው እኔ ነኝ።

የወንድሜ ሚስት አልተደናገጠችም። ዱላዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ አስቀመጠች።

«እውነቷን ነው» አለች። «ከራሴ አላወጣሁትም። ዋሽቻችኋለሁ፣ ይቅር በሉኝ። ሐረጉ የአማቴ ነው፣ የአባቷ። ማዕዘኑንም ያሳየችኝ እሷ ናት፣ ያዮ ድረስ በክረምት ሄጄ። ‹አባቴ እንዲህ ነው የሚያዞረው› ብላ በራሷ እጅ ጠልፋ ሰጠችኝ። እንደሰጠችኝ ሠራሁት። ሳይገጥምልኝ ሲቀር የሳቸውን ስም ማንሣት ነውር መሰለኝና ሸፈንኩት። ቁራጯ ዛሬም አለችኝ፣ እህቴ ትመስክር።»

ጨርቁን ከጡቷ ሥር አወጣች። ያው የኔ ማዕዘን ነው። ሴቶቹ ተቀባበሉት፣ ከመጋረጃው ጋር አስተያዩት። አንድ ነው።

«አንቺ ነሽ የጠለፍሽው?» አሉኝ እማሆይ።

«አዎ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ፣ እጄን ሁሉም ያውቀዋል።

«አይ ሽማግሌው!» አለች አንዷ ከንፈሯን መጥጣ። «ነፍሳቸውን ይማር። በመጨረሻው ዓይናቸው ደክሞ ነበር መሰል።»

«ብራናቸውም እንዲሁ ያልገጠመ ነበር ይሆን?» አለች ሌላዋ።

አፌን ከፈትኩ። አባቴ አልተሳሳተም ማለት ቀላል ነበር። ታዲያ ማን ተሳሳተ ቢሉኝስ? የቅድስቱን መጋረጃ አውቄ አጣምሜ እንደሰጠኋት፣ ያን ሁሉ ዓመት ፊቱ ስሰግድ ስፌቱ እስኪበጠስ እጠብቅ እንደነበር፣ በማኅበሩ ሴቶች ፊት መናገር ነበረብኝ። ወደሷ አየሁ። የማያዩት ዓይኖቿ ትከሻዬ አካባቢ ቆመዋል። ከንፈሯ ላይ ያ የገበያው ፈገግታ አለ። መጋረጃው አልገጥም ብሏት ቁጭ ባለችበት ቀን ነው ሁሉም የገባት። እኔ መስቀሉ እስኪላላ ስጠብቅ፣ እሷ ደግሞ እኔ መስቀሉን እስካነሣው ቁራጯን ጡቷ ሥር ይዛ ስትጠብቅ ኖራለች። በያዮ የለመንኳትን ቃል፣ አንዲት ሳታጎድል፣ በሰው ፊት ሰጠችኝ።

አፌን መልሼ ዘጋሁት።

እማሆይ መስቀሉን ከጠረጴዛው አንሥተው፣ ስመው፣ መዳፌ ላይ አኖሩት። «ልጄ፣ የማይሳሳት ሰው የለም» አሉኝ በለሆሳስ። «የአባትን ስሕተት የሸፈነ ይባረካል። ሸፍኚላቸው።»

ከመስኮቱ በኩል «አጥብቂው እህቴ፣ እንዳይላላ» የሚል ድምፅ መጣ።

ክሩን በምራቄ አርሼ መርፌዬ ውስጥ አስገባሁና የሷን መስቀል፣ አባቴ ባልሠራው ስሕተት ላይ፣ አጥብቄ ሰፋሁት።